የኩባ የሌሊት እንሽላሊት

የኩባ የሌሊት እንሽላሊት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ክሪኮሳውራ ቲፒካ፣ በደቡብ ምሥራቅ ኩባ በካቦ ክሩስ አካባቢ በጠባብ ስፍራ ብቻ የሚኖር ትንሽ ተሳቢ እንስሳ ነው። የሌሊት እንሽላሊቶች አስተኔ (የተዛመዱ እንስሳት ሰፊ ምድብ) ሦስት ወገኖች (በቅርብ የተዛመዱ ዝርያዎችን የሚይዙ ንዑስ ምድቦች) ብቻ ሲኖሩት፣ ዛንቱሲያና ሌፒዶፊማ የሚባሉት ሁለቱ ከአሜሪካ ምዕራብ እስከ ፓናማ ባለው የብስ ይኖራሉ፤ ሦስተኛው ክሪኮሳውራ ግን ከዚህ ዝርያ በቀር ሌላ የለውም፤ በካሪቢያን ደሴቶችም የአስተኔው ብቸኛ ተወካይ ይኸው ነው።

ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን የሚሸፍንለት እንደ መስታወት የጠራ ቅርፊት ነው። ዘመዶቹ ልጅ ሲወልዱ እሱ እንቁላል ይጥላል። «የሌሊት» የሚለው ስያሜ እምብዛም አይመጥነውም፤ የአስተኔው አባላት ቀኑን ከድንጋይና ከበሰበሰ እንጨት ሥር ተሸሽገው ስለሚውሉ የሌሊት ናቸው ተባለ እንጂ፣ ብዙዎቹ በመሸሸጊያቸው ውስጥ ሆነው ቀንም ይንቀሳቀሳሉ።

ዝርያው ለሳይንስ የተዋወቀው በ1863 (እ.ኤ.አ.) በዮሐንስ ጉንድላክና በቪልሄልም ፔተርስ ስም ነው። በማርቡርግ የተወለደው ጉንድላክ በ1839 ኩባ ገብቶ በ1896 ሀቫና እስኪሞት ድረስ ዕድሜውን ለደሴቲቱ እንስሳት የሰጠ ትጉህ ሰው ነበር፤ ከአእዋፍ ሁሉ ትንሿን የንብ ሃሚንግበርድ ያገኘም እሱ ነው። ፔተርስ ደግሞ ቀደም ሲል በሞዛምቢክ ለዓመታት እንስሳት ሲሰበስብ ቆይቶ የበርሊንን የእንስሳት ሙዚየም የመራ ሊቅ ነበር። የዛሬ ተመራማሪ ስለዚህ እንሽላሊት ሲጽፍ መነሻው የእነዚህ ሁለት ሰዎች ሥራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ስለ እንስሳው የተጻፈው ጥቂት ነው። በ1986 የወጣ የአካል ቅርጽ ጥናት ከሌፒዶፊማ ጋር ያቀራረበው ሲሆን፣ በ1991 የዘረመል መረጃን የመረመረ ጥናት ግን ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ የተለየ ቅርንጫፍ መሆኑን አሳየ፤ አሳማኙም ይኸኛው ነው። ቅድመ አያቶቹ ወደ ደሴቲቱ በውኃ ላይ ተንሳፍፈው መጡ ወይስ መሬቱ ከአህጉሩ ሲለይ አብረው ቀሩ የሚለው ግን አሁንም ያከራክራል።

መኖሪያው ከባሕር እየተነሣ እንደ ደረጃ የተደራረበ የኖራ ድንጋይ ምድር ነው። የዚህ ምድር ሰፊ ክፍል፣ በ1956 የኩባ አብዮት መሪ ፊደል ካስትሮና ጓዶቹ ከጀልባ የወረዱበትን ዳርቻ ጨምሮ፣ ዴሴምባርኮ ዴል ግራንማ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ተከልሏል፤ ፓርኩም በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።