የእንግሊዝ የመጀመሪያው ንጉሥ አልፍሬድ አይደለም

ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚሞክሩ ልጆች ረቂቃቸውን ያስነብቡኛል። በቅርቡ የመጣልኝ አንዱ፣ ገና ገጽ 1 ላይ ታላቁን አልፍሬድን ዮርክ ቤተ መንግሥት ውስጥ አስቀምጦ "የመላው እንግሊዝ ንጉሥ" ይለዋል። ይሄን ስሕተት ማረም ሰልችቶኛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይብቃ፤ የመጀመሪያው የአልፍሬድ የልጅ ልጅ ኤተልስታን ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች በጥቅስ አስቀምጬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"የመጀመሪያው የእንግሊዝ ንጉሥ አልፍሬድ ነው።"

አልፍሬድ በ871 ሲነግሥ እንግሊዝ የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። የሱ አገር ደቡብ ያለችው ዌሴክስ ናት። የሰሜኗን ከተማ ዮርክን ቫይኪንጎች (ከስካንዲኔቪያ በባሕር የመጡ ወራሪዎች) የያዟት ከመንገሡ 5 ዓመት በፊት ነው። ዌሴክስን ከነሱ ማትረፉ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን በ899 ሲሞት ሰሜኑ በእጁ አልነበረም።

ሰሜኑን የጠቀለለው የልጅ ልጁ ኤተልስታን ነው። በ925 ቴምዝ ዳር ባለችው ኪንግስተን ዘውድ ጫነ። በ927 የዮርክ ገዢ ሲሞት ከተማዋን ያዘ። በዚያው ዓመት ጁላይ 12፣ የስኮቶቹን ንጉሥ ኮንስታንቲንን ጨምሮ የሰሜን ነገሥታት ኢሞንት በተባለ የሰሜን እንግሊዝ ቦታ ተሰብስበው የበላይነቱን ተቀበሉ። ኮንስታንቲን ግን አላረፈም። በ937 ከደብሊን ቫይኪንጎች ጋር አብሮ ዘመተበት፤ ብሩናንበርህ በተባለ ቦታ ተሸነፉ። "የመላው ብሪታንያ ንጉሥ" የሚለው ማዕረግ የተቀረጸው በኤተልስታን ሳንቲም ላይ ነው። ይሄ ሁሉ እያለ እንዴት ይረሳል?

"እንግሊዝ የጀመረችው የኖርማንዲው ዊልያም በ1066 ሲወራት ነው።"

ዊልያም የደረሰው ኤተልስታን ዮርክን ከያዘ ከ139 ዓመት በኋላ ነው። አለቀ።

"ኤተልስታን ልጅ ስላልነበረው ታሪኩ አብሮት ተቀበረ።"

አላገባም፣ አልወለደም፤ እውነት ነው። ዘውዱ ለአባቱ ልጅ ለኤድመንድ ተላለፈ። እኅቱ ኤድጊት ግን ኋላ የጀርመን ንጉሥ ለሆነው ለኦቶ ተድራ ነበር። በ2008 ማግደቡርግ ካቴድራል ውስጥ አጽሟ ተገኘ። ጥርሷ ሲመረመር ደቡብ እንግሊዝ እንዳደገች ታወቀ።

"ጦረኛ ብቻ ነበር።"

ይሄኛውም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ጥሩውን ታሪክ የሚገድልብን እሱ ነው። ኤተልስታን እንደነገሠ ኤድሄልም የተባለ ባሪያ ነጻ አወጣ። ይህም በወንጌል መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ሌባ ላይ ሕጉ ጨካኝ ነበር። ሆኖም የ12 ዓመት ልጅ በስርቆት መገደሉ ከብዶት፣ ካልሸሸ ወይም ካልተከላከለ በቀር ከ15 ዓመት በታች ያለ እንዳይገደል ወሰነ። ካምብሪጅ ያለውን የብራና ሥዕሉንም እዩት። ዘውዱን እንደደፋ አንገቱን አቀርቅሯል፤ የተገለጠ መጽሐፍ በእጁ ይዟል። ፊት ለፊቱ ቅዱስ ከትበርት እጁን አንሥቶ ይባርካል። እስከ ዛሬ ከተረፉት የእንግሊዝ ነገሥታት ሥዕሎች ቀዳሚው ይሄ ነው።

ለዚያ ልጅ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ከጦር ሜዳ አትጀምሩ። ከኤድሄልም ጀምሩ። ጠዋት ባሪያ ሆኖ የተነሣ ሰው ማታ ነጻ ሆኖ ሲተኛ ምን አሰበ? ታሪክ ስሙን ብቻ ነው የተወልን፤ ሌላው የናንተ ነው። መጨረሻችሁን ኤተልስታን የተቀበረበትን ማምስበሪ ገዳም ካደረጋችሁት ደግሞ ተጠንቀቁ። እዚያ ያለው የድንጋይ መቃብር የተሠራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ውስጡ ባዶ ነው።