የተረፈ ጠጅና የወይን ጠጅ፦ የቤት ውስጥ አያያዝና አጠቃቀም

በአማርኛ «ጠጅ» ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ የሚጣለው መጠጥ ሲሆን፣ ከወይን ፍሬ የሚጠመቀው ደግሞ ይህንኑ ስም ተውሶ «የወይን ጠጅ» ተብሏል። በስም የተዛመዱት ሁለቱ መጠጦች ከሠርግ ወይም ከዓመት በዓል ሲተርፉ አብረው ጓዳ ይገባሉ። አበላሻቸው ግን በከፊል ብቻ ስለሚመሳሰል አያያዛቸውም ይለያያል።

የተከፈተ የወይን ጠጅን የሚያበላሸው በዋናነት አየር ነው። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ከተጠጣ፣ ቀሪው 375 ሚሊ ሊትር ቢያንስ እኩል መጠን ካለው አየር ጋር ተዘግቶ ያድራል፤ ከዚህም አየር አንድ አምስተኛው ያህል ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑ በመጀመሪያ የፍሬውን መዓዛ ያደበዝዛል፣ ነጩንም ወደ ቡናማነት ይወስደዋል፤ ቀጥሎ አሴቶባክተር የተባሉት ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡትና መጠጡ ይሆመጥጣል። ይህ የሕያዋን ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳየው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው።

ከዚህ የሚከተለው የቤት ውስጥ ጥንቃቄ ቀላል ነው። ጠርሙሱ ወዲያው ተከድኖ፣ ቀዩም ቢሆን፣ ፍሪጅ ውስጥ ቆሞ ይቀመጣል፤ ቢጋደም ግን አየር የሚነካው የመጠጡ ገጽ ይሰፋል። በዚህ አኳኋን ነጩም ቀዩም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል፤ ቀዩን ከመጠጣት በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ከፍሪጅ ማውጣት ጣዕሙን ይመልስለታል። ከዚህ የተሻለው ዘዴ የተረፈውን ወደ ትንሽ ዕቃ አፍ እስከ ገደፉ መገልበጥ ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በደንብ ታጥቦ፣ መጠጡ ከተገለበጠበት በኋላ ጎንና ጎኑን ጨመቅ አድርጎ መጠጡ አፉ ድረስ ሲደርስ ክዳኑን ማጥበቅ አየሩን ያስወጣል፤ ፕላስቲክ ቀስ በቀስ አየር ስለሚያሳልፍ ግን ለጥቂት ቀናት እንጂ ለወራት አይሆንም። አየር የሚስቡ የእጅ ፓምፖች እንዲሁም ቡሹን ሳይነቅሉ በመርፌ ቀድቶ በምትኩ አርገን የተባለ፣ መጠጡን የማያበላሽ ጋዝ የሚሞላው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ኮራቪን የተባለ መሣሪያ አሉ፤ ለአንድ የተረፈ ጠርሙስ ይህን ያህል ወጪ ማውጣት ግን ብዙ አያስፈልግም። ሻምፓኝ አፍ ላይ ማንኪያ መስቀል ጋዙን ያቆያል የሚባለው በሙከራ የማይሠራ ሆኖ ተገኝቷል።

ከአገራችን ምርቶች መካከል ለረጅም ጊዜ በየቤቱ የታወቁት የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ደረቁ ጉደርና ጣፋጩ አክሱሚት ናቸው፤ ከዝዋይ የሚመጡት የካስቴል ምርቶች፣ ሪፍት ቫሊና አካሺያ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ተቀላቅለዋቸዋል። ጣፋጭ የወይን ጠጅ አይበላሽም የሚለው እምነት ግን ትክክል አይደለም፤ ስኳሩ መጎምዘዙን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም። ከተከፈቱ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚቆዩት እንደ ፖርቶና ማዴይራ ያሉ፣ አልኮል ተጨምሮባቸው 20 በመቶ ገደማ የሚደርሱት ናቸው።

የማር ጠጅ ጉዳይ ሌላ ነው። ቀደም ባሉት ዘመናት ጠጅ በአመዛኙ የመኳንንትና የግብር መጠጥ ስለነበረ፣ በተራው ሰው ጓዳ የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ ጠላ ነበር። ጠጅ ከጋኑ ከተቀዳ በኋላም ሕይወት አለው፦ እርሾው አልሞተም፣ የማሩም ስኳር አላለቀም። ስለዚህ ለስላሳ ሆኖ የተገዛው በጥቂት ቀናት ውስጥ መካከለኛ፣ ከዚያም ደረቅ ይሆናል። በጠጅ ቤቶች ናሙናዎች ላይ የተደረገ ጥናት የአልኮል መጠኑን ከ3 በመቶ በታች አንስቶ ከ20 በመቶ በላይ ድረስ ማግኘቱ፣ «ጠጅ ይህን ያህል ቀን ይቆያል» ብሎ አንድ ቁጥር መስጠት ለምን እንደማይቻል ያሳያል። ጌሾው ከመበላሸት ይጠብቀዋል መባሉ መሠረት ያለው ይመስላል፤ ለጠጅ መዓዛ ግን ጌሾን የሚተካ ነገር የለም።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ሃይላንድ ሙሉ ጠጅ ክዳኑ ጠብቆ ከፍሪጅ ውጭ ካደረ፣ ማታ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉደው ጠርሙስ እርሾው በሚፈጥረው ጋዝ ጠዋት እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፣ ቂጡም አብጦ መቆም አቅቶት ይገኛል። በድንገት የከፈተው ሰው ግድግዳውን ጠጅ ያጠጣል፤ ብርጭቆ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ፈንድቶ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጠጅ ሲቀመጥ ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላም፣ ክዳኑም በየቀኑ ላላ እየተደረገ ይተነፍሳል፤ ይህ ለወይን ጠጁ ከተነገረው ምክር ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ደረቅ የሆነውን ጠጅ ማር ጨምሮ መመለስ የተለመደ ቢሆንም፣ የሆመጠጠውን ግን ማር አያድነውም።

የሆመጠጠው ለመጠጥ ባይሆንም ከንቱ አይደለም። ከጣሊያንኛ የመጣው «አቼቶ» የሚለው ስም የቀደመውን «ሆምጣጤ» ከወጥ ቤት ቢያስወጣውም፣ ነገሩ አንድ ነው። ሆን ብሎ ለማዘጋጀት መጠጡ በአፈ ሰፊ የብርጭቆ ዕቃ ተደርጎ፣ ትንኝ እንዳይገባ በንጹሕ ሻሽ ተሸፍኖ፣ ሞቅ ባለ ስፍራ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ጠንካራው በውሃ ይቀጥናል። ገጹ ላይ የሚጋገረው ስስ ቆዳ የባክቴሪያዎቹ መኖሪያ ስለሆነ አይጣልም። አሲዱ ብረታ ብረትን ስለሚበላ የአሉሚኒየምና የመዳብ ዕቃ አይሆንም። የተገኘው አቼቶ ለቲማቲም ሰላጣ ይበቃል፤ አሲድነቱ ስላልተለካ ግን አትክልት ለወራት ለማቆየት አይታመንም።

ያልሆመጠጠው ቅሪት ምርጥ ቦታው አዋዜ ነው፦ በርበሬ፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት በውሃ ፋንታ በጠጅ ይታሻል። ለዶሮ ወጥም ቁሌቱ በስሎ በርበሬው ከገባ በኋላ ጠጅ ወይም ቀይ የወይን ጠጅ ጠብ የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ፤ ሌሎች ግን የወጡን ጣዕም ይቀይራል ብለው አይቀበሉትም። አልኮሉ ሁሉ ይተናል የሚባለው ትክክል አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው ለ15 ደቂቃ በተንተከተከ ምግብ 40 በመቶው፣ ለአንድ ሰዓት 25 በመቶው፣ ለሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ 5 በመቶው ይቀራል።

ከጋኑ ግርጌ የሚቀረው አምቡላ ብዙውን ጊዜ ይደፋል። በጠጁ ላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ (የማር እንጀራው ቅሪት) ግን ተሰብስቦ፣ ታጥቦና ቀልጦ ሰም ይሆናል፤ የቤተ ክርስቲያን ጧፍና ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የምትልከው ሰም ከጠጅ ቤቶች በሚሰበሰብ ሰፈፍ በብዛት የሚዘጋጁ ናቸው።