ዘ ስሚዝስ፦ ስለ መፍረሳቸው የሚወራውና እውነታው

ዘ ስሚዝስ በ1982 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ፣ ማንቸስተር ውስጥ ተመሥርቶ በ1987 የፈረሰ የሮክ ባንድ ነው። ዕድሜው ያጠረው ለምን እንደሆነ ሲወራ ስህተት የሚበዛበት መሆኑ ያሳዝነኛል።

«በገንዘብ ተጣልተው ፈረሱ» የሚለው በብዛት ይደገማል። የገንዘቡ ክርክር ፍርድ ቤት የተሰማው ግን በ1996 ነው፤ ባንዱ ከፈረሰ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። ድምፃዊው ሞሪሲና ጊታሪስቱ ጆኒ ማር ከቀረጻና ከመድረክ ትርፍ እያንዳንዳቸው 40 በመቶ እየወሰዱ ለቤዝ ጊታሪስቱ አንዲ ሩርክና ለድራመሩ ማይክ ጆይስ ለየራሳቸው 10 በመቶ ብቻ ይሰጡ ነበር። ጆይስ «እኩል ሸሪክ ነኝ፤ 25 በመቶ ይገባኛል» ብሎ ከሰሰ፣ ረታም። የግጥምና የዜማ ደራሲነት ገቢ የሞሪሲና የማር መሆኑ አላከራከረም። በእኔ እምነት ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ያለ እነዚያ ቤዝና ድራም ስሚዝስ ስሚዝስ አይሆንም።

ታዲያ ምን አፈረሳቸው? ድካም። የሚረጋ ማናጀር ስላልነበራቸው የአስተዳደሩ ጣጣ ማር ላይ ወደቀ፤ እሱም ዜማ ደራሲ ነው፣ ጊታሪስት ነው፣ ዕድሜው ገና 23። ዕረፍት ፈለገ። በዚህ ላይ ሞሪሲ የእንግሊዛዊቷን ፖፕ ዘፋኝ የሲላ ብላክን የቆየ ዘፈን እንዲቀርጹ ማድረጉ አስመረረው፤ ባንድ የመሠረተው ለዚያ አልነበረምና።

«የመጨረሻው አልበም በጠብ መሃል ተሠራ» የሚሉም አሉ። ባዝ ከተማ አጠገብ በሚገኝ ስቱዲዮ ሲቀረጽ ግን መንፈሱ ጥሩ ነበር። ሞሪሲም ማርም ከአልበሞቻቸው ሁሉ የላቀው እሱ ነው ብለዋል።

«የጥቂቶች ባንድ ነበር» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። ሥራቸውን ያሳተመው ራፍ ትሬድ ትንሽ ነፃ አሳታሚ ስለነበር ነጠላ ዘፈኖቻቸው በዘመናቸው በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ከ10ኛ ደረጃ በላይ አልወጡም። ሁለተኛው አልበማቸው ግን በ1985 በብሪታንያ አንደኛ ወጥቷል።

«አራቱም እንደተኳረፉ ቀሩ» ማለትም ስህተት ነው። ሞሪሲና ማር ዳግም አብረው አልሠሩም፤ ማርና ሩርክ ግን ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች ነበሩ። በ2022 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ አብረው ተጫውተዋል። በግንቦት 2023 ሩርክ በቆሽት ካንሰር ማረፉን ለዓለም ያሳወቀውም ማር ነው።