ከውጭ ዕቃ ስታዙ ስለ ቀረጥ የሚወራው እና እውነታው

ፒያሳም ሆነ ስታዲየም አካባቢ ካፌ ብትገቡ ስልኩ ላይ ከቻይና ጫማ የሚመርጥ ሰው አታጡም፣ ዋጋውን ያይና "መርካቶ ከሚሸጠው በግማሽ!" ይላል፣ ዕቃው ሲገባ ግን የቀረጡን ሂሳብ አይቶ ተዘረፍኩ ይላል። አብዛኛው ጩኸት የሚመጣው ከታች ካሉት ወሬዎች ነው።

"ስጦታ ተብሎ ከተጻፈ አይቀረጥም"

የወሬዎቹ ሁሉ አውራ ይሄ ነው። ዕቃው ይዞት የሚመጣው የጉምሩክ ፎርም ላይ ስጦታ የምትለዋ ሳጥን የተቀመጠችው የጭነቱን አይነት ለመግለጽ እንጂ ከቀረጥ ነጻ ለማውጣት አይደለም፣ ፈታሹ ካርቶኑን ከፍቶ ሃያ ተመሳሳይ ቻርጀር ካገኘ ለየትኛው ዘመድ ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሻጩን "5 ዶላር ብለህ ጻፍልኝ" ማለትም ያው ነው፣ ጉምሩክ ዋጋውን ካላመነው ኢንቮይስና የከፈላችሁበትን ማስረጃ ይጠይቃል፣ ካላሳመናችሁት ተመሳሳይ ዕቃ የገባበትን ዋጋ ይዞ ያሰላል። ደሞ ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ካሳ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚታየው ያቺው የተጻፈችው 5 ዶላር ናት፣ ይሄን ማንም አያስብም።

"ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ ነው"

አይደለም፣ የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ነው። ዋናው ነገር ደሞ ታክሶቹ አንዱ በአንዱ ላይ መደራረባቸው ነው። ድምሩ 10,000 ብር ሆነ እንበል፣ ዕቃው ደሞ ትልቁ የቀረጥ መጣኔ 35 በመቶ ደረሰው፣ 3,500 ብር ቀረጥ ሆነ ማለት ነው፤ 15 በመቶው ቫት የሚታሰበው ታዲያ በ10,000 ሳይሆን በ13,500 ላይ ስለሆነ 2,025 ይመጣል፣ ከዛ 10 በመቶ ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ታክስ በሁሉም ድምር ላይ ሲገባ 1,552.50። በቃ 7,077.50 ብር፣ ኤክሳይዝና ሌሎች ክፍያዎች ካሉበት ገና ይጨመራል። ሁሉም ዕቃ እንዲህ አይደለም፣ ዝቅተኛ ቀረጥ ያለበትም ምንም የሌለበትም አለ። ስሌቱ በብር ስለሆነ ደሞ የምንዛሬው ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ በገበያ መወሰን ሲጀምር ያው ጫማ የሚከፈልበት ቀረጥ አብሮ ወጥቷል።

"ፍሪ ሺፒንግ ነው፣ ሁሉን ከፍያለሁ"

ፍሪ የሆነው ማጓጓዣው ነው። ሻጩ ቀረጡንም እኔ እችላለሁ ብሎ በግልጽ ካልጻፈ የናንተ ነው።

"ችግር ካለ የሚጠየቀው ሻጩ ነው"

ሻጩ ያለው ጓንግዡ ነው፣ ጉምሩክ የሚያውቀው በተቀባይነት የተጻፈውን ስም ነው። በትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ በሚያስፈጽም ሰው) ብታስጨርሱም ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ ቅጽ፣ የሚሞላው እናንተ በሰጣችሁት ወረቀት ነው። ኩሪየሩ (ዕቃውን የሚያደርሰው ድርጅት) የሚያስከፍላችሁ የአገልግሎት ክፍያ ከቀረጡ የተለየ ስለሆነ ደረሰኙን ለይታችሁ እዩት፣ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ መንግስትን ሲሳደብ እሰማለሁ (አንዳንዴ መሳደቡ ልክ ነው፣ ግን በሌላ ምክንያት)።

"ሰው በሻንጣ ካመጣልኝ ጉምሩክ አያገባውም"

ቦሌ ላይ ሻንጣው ሲከፈት መልስ የሚሰጠው ሻንጣውን የያዘው ሰው ነው። ለግል መገልገያ የሚሆን ነገር ሌላ፣ ለሽያጭ የሚሆን ብዛት ሌላ። የቴሌግራም ሱቃችሁን ስቶክ የአክስታችሁ ልጅ ላይ አትጫኑ፣ በተለይ ውስጡ ምን እንዳለ ሳትነግሯት።

"አንድ ፍሬ ስለሆነ ፈቃድ አይፈልግም"

ድሮን አንድም ቢሆን ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ይፈልጋል፣ መድሃኒት ደሞ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ጉዳይ ነው። ቀረጥ እከፍላለሁ ማለት ፈቃድን አይተካም።

"የተጻፈልኝን ከመክፈል ውጪ ምርጫ የለኝም"

አለ። ዕቃው በየትኛው ኤችኤስ ኮድ (የዕቃው አይነት ለቀረጥ በሚመደብበት ቁጥር) እንደተመደበ ጠይቁ፣ ኮዱ ከተሳሳተ መጣኔው ሊለወጥ ይችላል። ቅሬታ መጀመሪያ ለራሱ ለጉምሩክ ይቀርባል፣ ካልተስማማችሁ የፌዴራል ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አለ። ለአንድ ጥንድ ጫማ ማን ይሄዳል ትሉ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ፣ ለማሽን ግን ይኬዳል።