ፓወር ባንክ፦ የሚወራውና እውነታው

አዳማ መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ያለው ሰው ጎረቤት ሁሉ ይወደዋል። ስለ ዕቃው የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም።

«10 ሺህ ሚሊአምፕ ሰዓት (mAh) የሚል ፓወር ባንክ ባትሪው 5 ሺህ የሆነ ስልክ ሁለቴ ይሞላል።»
አይሞላም። 10 ሺህ የተባለው ውስጡ ያለው ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው፤ በዩኤስቢ የሚወጣው ደግሞ በተለምዶ 5 ቮልት ነው፣ ቮልቱ ከፍ ሲል ሚሊአምፑ ወደ 7,400 ይወርዳል፣ ከዚያ ላይም ሙቀት ሆኖ የሚባክን አለ። ቮልቱንም በሚቆጥረው የኃይል መለኪያ፣ በዋት ሰዓት፣ ስታሰሉት ይቀላል፦ ፓወር ባንኩ 37፣ ስልኩ 19 ገደማ። ብክነቱ ሲቀነስ አንዴ ተኩል ቢሞላላችሁ ነው። ስለዚህ ሻጩን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፤ በእውነት የሚወጣው መጠን ብዙ ጊዜ እዚያ በደቃቁ ተጽፏል።

«50 ሺህ የሚል አግኝቻለሁ፣ ያውም በርካሽ!»
ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። እውነተኛ 50 ሺህ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። 200 ግራም ከመዘነ ቁጥሩ ጌጥ ነው።

«ግማሽ ሰዓት ሰክቼ ስንት ፐርሰንት እንደጨመረ አየሁ፣ ይበቃል።»
ይሄ አቅሙን ሳይሆን ፍጥነቱን ነው የሚያሳየው፣ እሱንም በደንብ አያሳይም፤ ስልክ ከ80 በኋላ ቀስ ይላል፣ ቲክቶክ እያያችሁ ከሆነ ደግሞ የገባው እዚያው ያልቃል። ፓወር ባንኩን ጢም አድርጋችሁ ሙሉት። ስልኩን አጥፉና ከ10 እስከ 100 ሙሉት፣ 90 ጨመረ ብላችሁ ያዙ። ስልኩን ተጠቅማችሁ ሲወርድ እንደገና ሰኩት፣ ፓወር ባንኩ ጸጥ እስኪል፤ የጨመረውን ፐርሰንት 90ው ላይ ደምሩ። ባለ 10 ሺው በባለ 5 ሺህ ስልክ ድምሩ 140 አካባቢ ከደረሰ ጤነኛ ነው፣ 60 ላይ ከቆመ ግን ወይ አርጅቷል ወይ ተሸውዳችኋል።

ቀስ ብሎ ከሞላ ደግሞ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ቀጭን ኬብል ቮልት ይበላል፣ ስድቡን የሚሰማው ግን ፓወር ባንኩ ነው።

«አዲስ ሲሆን መጀመሪያ ለ8 ሰዓት ያህል ይሰካ።»
የድሮ የኒኬል ባትሪ ወግ ነው። ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ አይፈልግም።

«ፀሐይ ምን ያደርገዋል?»
የሚገድለው እሱ ነው። የአዳማን ቀትር ታውቁታላችሁ፤ ባጃጅ ወይም መኪና ዳሽቦርድ ላይ ጥላችሁት አትሂዱ። ሆዱ ካበጠ ደግሞ «ገና ይሠራል» ብላችሁ አትሰኩት፣ አትብሱትም፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።