ሥርዓተ ትምህርት በኢትዮጵያ፦ ማን ያዘጋጀዋል?

በኢትዮጵያ ከተደረጉት የትምህርት ለውጥ ሙከራዎች ብዙ የተባለለት ሳይተገበር የቀረው ነው። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት በ1964 ዓ.ም. በትምህርት ሚኒስቴር፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና በውጭ አገር ባለሙያዎች ተዘጋጀ። ዋና ሐሳቡ ለብዙኃኑ ሕፃናት የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስ ነበር። ትምህርት ቤት ላልደረሰለት ገጠር ይህ ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ክፋቱ መምህሩም ወላጁም ሳይጠየቁ ማለቁ ነው። በ1966 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ወላጅ «የድሃ ልጅ ከ4ኛ ክፍል እንዳያልፍ ነው» ብሎ ተረዳው፤ መምህራንም የካቲት 11 ሥራ አቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ቢተወውም ተቃውሞው ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ሆነ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ፤ ክልሎችም የየራሳቸውን መጻሕፍት ማዘጋጀት ጀመሩ። ወደ እንግሊዝኛ የሚዞርበት ክፍል ግን አንድ አልነበረም፦ አንዳንዱ ጋ 5ኛ፣ ሌላው ጋ 7ኛ ወይም 9ኛ ነበር።

ሥርዓተ ትምህርት የሚዘጋጅበት ቅደም ተከተል ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ማዕቀፍ ይወጣል፤ ቀጥሎ ለየክፍሉ ዝቅተኛ የመማር ብቃት (ተማሪው ቢያንስ ሊያውቀው የሚገባው) እና የይዘት ፍሰት (የትምህርቱ ቅደም ተከተል)፣ ከዚያ መርሐ ትምህርት፣ በመጨረሻ የተማሪው መጽሐፍና የመምህሩ መምሪያ ይዘጋጃሉ። ነገሩ የሚበላሸው መርሐ ትምህርቱ ላይ ለየምዕራፉ ክፍለ ጊዜ ሲደለደል ነው። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜና 60 ተማሪ ያለው መምህር የእያንዳንዱን የቤት ሥራ ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ቢያይ 30 ደቂቃው አለቀ። አዲሱን ትምህርት በ10 ደቂቃ ያስተምር? ወይስ ደብተሩን ሳያይ ይለፍ? ክፍል ገብቶ የማያውቅ አዘጋጅ ይህን ሒሳብ አይሠራውም።

በ1997 ዓ.ም. የጀመረው የፕላዝማ ትምህርት (በክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን የሚሰጠው) ይህንኑ ጉድለት አጉልቶ አሳየ። ከደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የመጣው የእንግሊዝኛ ሥርጭት የክፍለ ጊዜውን 30 ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ማሳያው አይቆምም ነበር። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያለፈው ሥርጭት አይመለስም ነበር፤ መምህሩ በቀረችው ጥቂት ደቂቃ ያላየውን ትምህርት ማጠቃለል ነበረበት።

የ2010ሩ የትምህርት ፍኖተ ካርታ 6-2-4 አደረጃጀትን (6 ዓመት አንደኛ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) መለሰ፤ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀረ፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የግብረ ገብ ትምህርትን አመጣ። በመጀመሪያው የትግበራ ዓመት በ2015 ዓ.ም. ግን መጽሐፍ ባለመድረሱ ብዙ መምህራን ከስልክ ፒዲኤፍ እያነበቡ አስተማሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በዩኒቨርሲቲዎች ከተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ተፈታኞች የተማሩት በቀድሞው ሥርዓት ነውና ውጤቱን በአዲሱ ላይ መጫን ስህተት ነው።

መምህሩ የሚገባበት ትክክለኛ ቦታ የሙከራ ትግበራው ነው። በረቂቅ መጽሐፉ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ያስተምር፤ የትኛው ምዕራፍ በተመደበለት ክፍለ ጊዜ እንዳላለቀ፣ የትኛው መልመጃ ያለ ቤተ ሙከራ እንደማይሠራ በየገጹ ዳር ይጻፍ። ያ ቅጂ በሱፐርቫይዘር ሪፖርት ሳይጠቃለል እንዳለ ለአዘጋጆቹ ይድረስ፤ ማተሚያ ቤት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።