የአቅጣጫ ጠቋሚ ሳተላይቶችን ምሕዋር በሌዘር መፈተሽ

የጂፒኤስ፣ የግሎናስ፣ የጋሊሊዮና የቤይዱ ሳተላይቶች ምሕዋር በአብዛኛው የሚሰላው ራሳቸው ከሚልኩት የሬዲዮ ሞገድ ነው። ውጤቱን መልሶ በዚያው ሞገድ መፈተሽ ተማሪ የራሱን ፈተና እንዲያርም እንደመፍቀድ ይሆናል። ሌዘር የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ ከሬዲዮው የተለየ መለኪያ ነውና።

የምድር ጣቢያው በአስሮች ፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ክፍል) የሚቆጠር ርዝመት ያላቸውን የብርሃን ምቶች በቴሌስኮፕ ይልካል፤ በብዛት የሚሠራበት አረንጓዴው የ532 ናኖሜትር ብርሃን ነው። ሳተላይቱ ወደ ምድር በሚያዞረው ገጽ ላይ የተደረደሩ ፕሪዝሞች ብርሃኑን ወደመጣበት ይመልሱታል። 23,222 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ላለ የጋሊሊዮ ሳተላይት ደርሶ መልሱ ቢያንስ 0.155 ሰከንድ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ላይ የ1 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል) ስህተት ርቀቱን በ15 ሴንቲሜትር ያዛባል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ብርሃን 16 ጊዜ ስለሚቀንስ፣ የ5 ደቂቃ ልኬቶች ተጠቃለው አንድ ነጥብ ይሆናሉ።

ከዚያ የተለካው ርቀት ከምሕዋሩ ከተሰላው ጋር ይነጻጸራል። ከመቀነሱ በፊት የጣቢያው መገኛ፣ የምድር ቅርፊት በጨረቃና በፀሐይ ስበት (በማዕበል ኃይል) የሚነሳና የሚወርደው፣ የአንጻራዊነት እርማት እንዲሁም ከፕሪዝሞቹ እስከ ሳተላይቱ የክብደት ማዕከል ያለው ርቀት መግባት አለባቸው። አየሩ ብርሃኑን ስለሚያዘገይ ይህም ይታረማል፤ ብዙ ጊዜ የሚናቀው ግን የአየር ግፊት መለኪያው ባሮሜትር ነው፤ የ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ስህተት በቀጥታ አናት ላይ ከ2 ሚሊሜትር በላይ፣ ከአድማስ በ30 ዲግሪ ከፍታ ደግሞ የዚያን እጥፍ ያህል ያዛባል።

ልዩነቱን ሲያነቡ አንድ ነገር መርሳት አይገባም። ሳተላይቱ ካለበት ሲታይ ምድር ጠባብ ናት፤ የሌዘሩ መስመር ወደ ምድር ማዕከል ከሚወርደው መስመር ከ14 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በግልጽ የሚታየው የከፍታ ስህተት ነው። በጉዞው አቅጣጫ የ20 ሴንቲሜትር ስህተት ቢኖር ቢበዛ 5 ሴንቲሜትር ያህሉ ብቻ ይታያል።

አማካዩ ወደ ዜሮ ስለተጠጋ ምሕዋሩ ጥሩ ነው ማለትም ችኮላ ነው። ልዩነቶቹ ፀሐይ ከምሕዋሩ ጠለል (ምሕዋሩ ከሚያርፍበት ዝርግ ገጽ) በላይ ካላት የማዕዘን ከፍታ አንጻር መሳል አለባቸው። የጋሊሊዮ ሳተላይቶች አካል ሞላላ በመሆኑ የፀሐይ ብርሃን ግፊት ቀድሞ በነበረው ሞዴል በትክክል አይሰላም ነበር፤ እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚደርሰውን ውዝዋዜ ያጋለጠው ሌዘር ነው። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሻሻል ውዝዋዜው በእጅጉ ቀነሰ።

አንድ ጣቢያ ሁሉንም ሳተላይቶች ወደ አንድ ወገን ካዛባቸው ጥፋቱን በጣቢያው ሰዓት ወይም መቀበያ ላይ መፈለግ ይሻላል። ሁሉም ጣቢያዎች አንዱን ሳተላይት ብቻ አዛብተው ካዩት ግን ምሕዋሩ ወይም የፕሪዝሞቹ መገኛ ይጠረጠራል። ከዚህ የረቀቀው የጠራ ሰማይ አድልዎ ነው፦ ሌዘር ደመናን ስለማያልፍ ልኬቱ የሚገኘው የአየር ግፊት ከፍ በሚልባቸው ቀናት ነው፤ ያኔ ደግሞ አየሩ መሬቱን ተጭኖ ጣቢያውን በሚሊሜትሮች ዝቅ ያደርገዋል።

ጂፒኤስ በዚህ ረገድ ለረጅም ጊዜ ወደኋላ ቀርቷል፤ ከቀደሙት ሳተላይቶቹ ፕሪዝም የተገጠመላቸው እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 የመጠቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።